ያልሰማሁትን ቁጥር ጻፍኩ

ውድ የዓምዱ አማካሪ፣

እንደምን ሰነበቱ? የፕራክቲካል ነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ትምህርቱን ከጀመርኩ ሰባት ወር ሞላኝ። በክፍል ውስጥ ደካማ አይደለሁም፤ እንዲያውም ፈተና ሲደርስ ሌሎቹ ማስታወሻዬን የሚዋሱኝ፣ “ይህንን አስረጂን” እያሉ የሚከቡኝ ልጅ ነኝ። የሰውነት አሠራር፣ የመድኃኒት ስሌት፣ ኢንፌክሽን መከላከል፣ ሁሉንም ከዘጠና በላይ ነው ያመጣሁት። ችግሬ የጀመረው ለተግባር ልምምድ ሆስፒታል ከወጣን በኋላ ነው።

በመለማመጃ ክፍላችን አሻንጉሊቱ ላይ ሁሉን ነገር እሠራለሁ። ዋርድ ስገባ ግን እጄ ይንቀጠቀጣል። ሕመምተኛው ያየኛል፣ አስታማሚዎቹ ያዩኛል፣ መምህርቷ ታየኛለች። ገና በሁለተኛው ሳምንት አንዲት የክፍላችን ልጅ የደም ግፊት ለክታ “በደንብ አልሰማሁም” ስትል መምህርታችን ሕመምተኛው ፊት “ታዲያ ይህን ሁሉ ወር ምን ስትማሪ ነበር?” አለቻት። ልጅቷ ወጥታ አለቀሰች። እኔ ያን ዕለት “አልሰማሁም” የሚለው ቃል ከአፌ እንዳይወጣ ለራሴ ማልኩ።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት በዕድሜ የገፉ አንድ ሰው ደረሱኝ። ግፊታቸውን ለካሁ፤ ምንም አልሰማሁም። እንደገና ነፋሁ፤ አሁንም ምንም የለም። “ጨረስሽ ልጄ?” አሉኝ። “አዎ ጨረስኩ” አልኳቸውና ማታ የተጻፈውን 126/80 አይቼ፣ ከእሱ ትንሽ ቀንሼ፣ 124/78 ብዬ ጻፍኩ። ትንፋሻቸውንም ሳልቆጥር 18 አልኩ። ከእኛ ቀድመው የገቡት ተማሪዎች “ትንፋሽ ሁልጊዜ 18 ነው” ብለው ነግረውናል።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተረኛዋ ነርስ ግፊት የሚቀንሰውን ክኒናቸውን ልትሰጥ መጣች። ከመስጠቷ በፊት ራሷ ለካች። 88/54። ክኒኑን መልሳ አስቀመጠች፣ ሐኪም ጠራች። “በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዴት እንዲህ ወረደ?” ስትል አጠገቧ ቆሜ ነበር። ዝም አልኩ። ሰውዬው በደም ሥር ፈሳሽ ተሰጣቸው፤ በማግሥቱ ስንመለስ ተሽሏቸው ተቀምጠው ነበር። ማንም አላወቀም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ብናገር እባረራለሁ ብዬ እፈራለሁ። ዝም ብል ደግሞ ራሴን አልችለውም። ወይስ ይህ ሙያ ለእኔ አልተፈጠረምና ትቼው ልውጣ? አንድ ነገር ብቻ ግራ ያጋባኛል። ባለፈው ወር ከአልጋ መነሣት የማይችሉ አንዲት እናት ገላ ሳጥብ እጄ ጨርሶ አልተንቀጠቀጠም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሰኞ ወደ ዋርድ እንመለሳለን። ከዚያ በፊት ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

እጄ የሚንቀጠቀጥብኝ ተማሪ


ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ አልለቅ ያለኝ “ጨረስሽ ልጄ?” የሚለው የሰውዬው ጥያቄ ነው። የደከሙ ሰው ክንዳቸውን ዘርግተው ሁለት ጊዜ ሲነፋባቸው ታግሠው፣ በመጨረሻ በጨዋ አንደበት ጠየቁሽ። ያን ጊዜ “ገና ነኝ አባቴ፣ አልተሰማኝም” ማለት ተራራ እንደ መግፋት ከብዶሽ ነበር። ይህ ይገባኛል። የሚገባኝም በመጽሐፍ አንብቤው አይደለም።

እኔም ተማሪ ሳለሁ ተኝቶ የነበረን ሕመምተኛ ላለመቀስቀስ የጠዋቱን የሙቀት ልክ ገልብጬ ከሰዓት በኋላ ባለው ዓምድ ላይ አስገብቼ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ካርዱን አየች፣ በእጇ ጀርባ የሰውየውን ግንባር ነካች፣ ከዚያም ቀስ ብላ “ይህን ቁጥር የሰጠሽ ቴርሞሜትሩ ነው ወይስ ብዕርሽ?” አለችኝ። ሰው አልሰማም፤ ለእኔ ብቻ ነው የተናገረችው። ብዙ ዓመት አለፈ፤ ዛሬም ቁጥር ስጽፍ ያቺ ጥያቄ ትመጣብኛለች። ስለዚህ ከላይ ሆኜ ልፈርድብሽ አልችልም፣ ፍላጎቱም የለኝም።

በደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተጠላልፈው አንድ ገመድ መስለዋል፤ መጀመሪያ እንፍታቸው። አንደኛው እጅሽ መንቀጥቀጡና ድምፁን አለመስማትሽ ነው። ሁለተኛው ያልሰማሽውን መጻፍሽ ነው። አንቺ ሁለቱንም አንድ ላይ ቋጥረሽ “ለሙያው አልተፈጠርኩም” ወደሚል መደምደሚያ ሄደሻል። የመጀመሪያው የሚድነው በልምምድ ነው። ሁለተኛው ልምምድ አያድነውም፤ አንድ የማያስደስት ውይይት ይፈልጋል። የትኛውም ግን ለብቻው ከሙያው የሚያስወጣ ነው ብዬ አላምንም።

እስቲ ከመጀመሪያው እንነሣ። የመለማመጃ ክፍሉ አሻንጉሊት ላይ ሁሉን ነገር ትሠሪያለሽ፤ እውነት ነው። ነገር ግን የአሻንጉሊቱ ክንድ ድምፁ አስቀድሞ የተሞላለት ነው። መምህርቷ 120 ላይ ካስተካከለችው 120 ላይ ጥርት ብሎ ይመታል። አይወፍርም፣ አይከሳም፣ አያብጥም፣ አይቀዘቅዝም፣ አጠገቡ የሚያስል ጎረቤት የለውም። በዚያ ላይ “ጨረስሽ?” አይልም። ፓትሪሺያ ቤነር የተባለች አሜሪካዊት የነርሲንግ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1984 ነርሶች ከጀማሪነት እስከ ሊቅነት የሚያልፉባቸውን አምስት ደረጃዎች ስታብራራ፣ ዓመታት የሠራች ነርስ እንኳ ጨርሶ ወደማታውቀው ክፍል ስትዛወር ተመልሳ ጀማሪ ልትሆን እንደምትችል ጽፋለች። ለእነሱ እንዲህ ከሆነ፣ ከክፍል ወደ ዋርድ የተሻገርሽው አንቺ ምን ትሆኚ ኖሯል? ዘጠና ያመጣሽበት ዕውቀት የትም አልሄደም። እጅሽ ላይ ገና አልደረሰም እንጂ አለ። እስኪደርስ ባለው ጊዜ ውስጥ ያለሽ የተሻለ መሣሪያ ደግሞ ያ ላለመናገር የማልሽበት ቃል ነው፤ “አልሰማሁም”።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ይህን ነገር ክፍል ውስጥ በበቂ ሁኔታ ሲነገር ብዙም አላየሁም። “አልሰማሁም” የድክመት ኑዛዜ ብቻ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ራሱ ግኝት ነው። የደም ግፊቱ በጣም የወረደ ሰው ክንድ ላይ ድምፁ ይደክማል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋል። ተረኛዋ ነርስ 88/54 ያገኘችው አንቺ ከለካሽ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ነው። እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ ነገር ግን ያን ጠዋት ጆሮሽ ጥፋት ላይኖርበት ይችላል። ምናልባት የሚሰማ ነገር እምብዛም ስላልነበረ ነው ያልሰማሽው። ሄደሽ “ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፣ ምንም አልተሰማኝም፣ መጥተሽ እይልኝ” ብትዪያት ኖሮ በዚያ ክፍል ውስጥ መጀመሪያ ያወቅሽው አንቺ ትሆኚ ነበር። ይህን የምነግርሽ ጸጸትሽን ላከብደው አይደለም። ማለት የምፈልገው፣ የፈራሽው ቃል የዚያን ጠዋት ትልቁ መረጃ ሊሆን ይችል ነበር ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር እንምጣ። ልናገር ወይስ ዝም ልበል ብለሽ ጠይቀሽኛል። እኔ ብትናገሪ ነው የምለው። ሰዎች “እውነቱ መውጣቱ አይቀርም” ሲሉ እሰማለሁ፤ ይህኛው ላይወጣ ይችላል። ሰውዬው ተሽሏቸዋል፣ ካርዱም ይዘጋል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የነርሷን ጥያቄ አስታውሺ፤ “በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዴት እንዲህ ወረደ?” ነው ያለችው። ግፊቱ ቀስ እያለ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ያደረ ሰውና በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንገት የወደቀ ሰው ለሐኪም አንድ አይደሉም። ድንገተኛ ውድቀት ሐኪምን እንደ ውስጣዊ ደም መፍሰስ ያለ፣ አጣዳፊ ምክንያት ፍለጋ ሊያስሮጠው ይችላል። አንቺ የጻፍሽው 124/78 ካርዱ ላይ ተቀምጦ ያልሆነ ታሪክ እየተናገረ ነው፤ ነገ ካርዱን የሚከፍት ሁሉ ያንን ታሪክ አምኖ ይነሣል። ሰውዬው የሚታከሙት በራሳቸው ሰውነት ብቻ ሳይሆን በተጻፈላቸውም ነገር ነው።

ሌላም ነገር አለ። በክፍል ውስጥ ስለ መድኃኒት አሰጣጥ አምስቱን ትክክለኞች በቃልሽ እንደምትወጫቸው አልጠራጠርም፤ ትክክለኛው ሕመምተኛ፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ ትክክለኛው መንገድ፣ ትክክለኛው ሰዓት። ያን ጠዋት አምስቱም ተሟልተው ነበር። ስሙ ልክ፣ ክኒኑ ልክ፣ ሰዓቱ ልክ። ሰውዬውን ያተረፋቸው ያቺ ነርስ ካርዱን አይታ “124 ነው፣ ልስጥ” ማለት ስትችል ራሷ መለካቷ ነው። ሥራ በበዛበት ጠዋት ሌላ ነርስ በአንቺ ቁጥር ታምና ልትሰጥ ትችል ነበር፤ ማመኗም ነውር ባልሆነ። እንዲህ ለጥቂት የተረፉ ስሕተቶች ሲነገሩ የሕክምና ተቋማት ብዙ ይማሩባቸዋል፤ ሰው ሳይጎዳ የተገኘ ትምህርት ነውና።

ስለ መባረር የምሰጥሽ ዋስትና የለኝም፤ ብሰጥሽም ውሸት ይሆናል። ያልተለካን ነገር እንደተለካ አድርጎ መጻፍ በነርሲንግ ትምህርት ቤቶች ዘንድ ቀላል ጥፋት አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ማታ የትምህርት ቤትሽን የተማሪዎች መመሪያ አውጥተሽ ስለ ካርድ አጻጻፍና ስለ ታማኝነት የሚለውን ክፍል በደንብ አንብቢ። ፍርሃት ብዙ ጊዜ ከወረቀቱ ይበልጣል፤ ወረቀቱ የከበደ ሆኖ ካገኘሽውም ቢያንስ ምን እንደሚጠብቅሽ አውቀሽ ትገቢያለሽ። ማስጠንቀቂያ፣ የተግባር ሰዓት መድገም፣ ለተወሰነ ጊዜ በቅርብ ክትትል ሥር መሥራት፣ እነዚህ ሊመጡ ይችላሉ። የከፋም ሊመጣ ይችላል። ነገር ግን ሳትጠየቅ መጥታ “እንዲህ አድርጌያለሁ” ያለች ተማሪና ተይዛ የተገኘች ተማሪ በመምህራን ዓይን እኩል ሆነው ሲታዩ አላየሁም። እኔ ተማሪ ባስተማርኩባቸው ዓመታት እንቅልፍ የነሡኝ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ልጆች አልነበሩም። ሁሉም ነገር ሁልጊዜ የተሳካላቸው፣ ቁጥራቸው ሁልጊዜ ያማረ ልጆች ነበሩ።

ካርዱን በተመለከተ አንድ ነገር አደራ፤ ሰኞ ስትገቢ ተደብቀሽ ለማረም እንዳትሞክሪ። በካርድ ላይ የተሳሳተ ነገር የሚታረምበት የራሱ ሥርዓት አለው፤ ስሕተቱ እንዲነበብ ሆኖ በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ቀን፣ ሰዓትና ፊርማ ይቀመጥበታል፤ ዘግይቶ የሚጻፍም ከሆነ ዘግይቶ የተጻፈ መሆኑ ይገለጻል። ቀናት ካለፉ በኋላ ይህ እንዴት እንደሚደረግ የሚወስኑት መምህርትሽና የክፍሉ ኃላፊ ናቸው። አንቺ ብቻሽን ብትነካኪው አንዱ ጥፋት ሁለት ይሆናል።

እንግዲህ ለማን ነው የሚነገረው? ለተግባር ልምምድ መምህርትሽ፣ ለብቻዋ፣ ከሰኞ በፊት። አዎ፣ ያቺው ልጅቷን ያስለቀሰችው መምህርት። እሷን ፈርተሽ ከሆነና ትምህርት ቤቱ ውስጥ የምታምኛት ሌላ መምህርት ወይም የተማሪዎች አማካሪ ካለች፣ መጀመሪያ እሷን አማክሪና አብራሽ እንድትገባ ጠይቂ፤ ይህ ነውር የለውም። በር ላይ ቆመሽ ቃላት ሲጠፉብሽ ይታየኛልና አስቀድመሽ በወረቀት ጻፊው። እንዲህ ያለ ነገር ይበቃል፦

“ሐሙስ ጠዋት የእኒያን ሕመምተኛ ግፊት ሁለት ጊዜ ለክቼ አልሰማሁም። አልሰማሁም ማለት ፈርቼ 124/78 ብዬ ጻፍኩ። ትንፋሻቸውንም አልቆጠርኩም። በኋላ ተረኛዋ ነርስ 88/54 ስታገኝ ዝም አልኩ። ካርዱ እንዲስተካከል እፈልጋለሁ፤ ግፊት መለካትም እስክችል ድረስ ሰው ከጎኔ እንዲሆን እለምናለሁ።”

ከዚህ በላይ አታርዝሚው። መምህርቷ ጓደኛሽን ስለ ተናገረቻት ነገር በዚህ ውስጥ አታስገቢ፤ ማመካኛ ይመስልብሻል። ለሱ ሌላ ጊዜ አለው። በእርግጥ የመምህርቷን አነጋገር እኔም አልወደድኩትም። ሕመምተኛ ፊት የተዋረደ ተማሪ ከውርደቱ የሚማረው መደበቅን ነው፤ ከልጅቷ ይልቅ አንቺ መማርሽ ራሱ ምስክር ነው። ነገሩ ሲበርድና ጥፋትሽን በእጅሽ ስትይዢ፣ “ያን ዕለት የተባለውን ሰምቼ ነው የፈራሁት” ብትያት ምናልባት እሷም የምታስብበት ነገር ታገኛለች። ላታገኝም ትችላለች። ዳሩ ግን እስከዚያው ድረስ አንዱን ነገር ራስሽን ጠይቂ፤ “አልሰማሁም” ማለት ውርደት ነው ብለሽ ያመንሽው ያን ዕለት ነው ወይስ ከዚያ በፊት? ማስታወሻዋን ሁሉም የሚዋሳት፣ ሁሉም “አስረጂን” የሚላት ልጅ “አላውቅም” ያለችበትን ቀን ታስታውሺያለሽ? መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብሽም።

አሁን እጅሽንና ጆሮሽን እንያቸው፤ ይህኛው ደስ የሚለኝ ክፍል ነው። የምታዳምጪውን ድምፅ መጀመሪያ የገለጸው ኒኮላይ ኮሮትኮፍ የተባለ ሩሲያዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1905 ነበር። ታፍኖ የነበረው ደም በጠበበው የደም ቧንቧ ውስጥ እየተጋፋ ማለፍ ሲጀምር የሚያሰማው ምት የላይኛው ቁጥር ነው፤ ቧንቧው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ድምፁ ሲጠፋ ደግሞ የታችኛው። ይህን ታውቂዋለሽ። የጀማሪ ስሕተት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከማዳመጡ በፊት ነው የሚሠራው።

ክንድ ላይ የሚነፋውን ማሰሪያ ከማሰርሽ በፊት የክርኑን እጥፋት በሁለት ጣት ዳስሺ። ምቱ የሚገኘው ወደ ውስጥ በኩል፣ ወደ ሰውነቱ በቀረበው ጎን ነው። እስክታገኚው ድረስ አትቸኩዪ፤ የጆሮ ማዳመጫሽ፣ ስቴቶስኮፑ፣ የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው። ማሰሪያውን ከእጥፋቱ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገሽ እሰሪ፤ በልብስ ላይ አይታሰርም። የማሰሪያው መጠን የሰውዬውን ክንድ ይመጥን፤ ለወፍራም ክንድ ጠባብ ማሰሪያ ግፊቱን ከእውነቱ በላይ ከፍ አድርጎ ያሳያል። ክንዱ በልብ ትክክል ይረፍ፣ እግር አይነባበር፣ አንቺም ሰውዬውም አታውሩ።

ከዚያ ሳታዳምጪ አንድ ጊዜ ንፊ። የእጅ አንጓውን ምት በጣትሽ ይዘሽ የሚጠፋበትን ቁጥር ልብ በዪ፤ አየሩን ሙሉ በሙሉ አስወጪ፤ ጥቂት ጠብቂ። አሁን ስቴቶስኮፑን አድርገሽ ምቱ ከጠፋበት 30 ጨምረሽ ንፊና በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ እየቀነስሽ ልቀቂ። የፈራ ተማሪ አየሩን ለቆ ይገላገላል፤ መርፌው ከ160 ወደ 60 ሲወድቅ ማንም ቢሆን አይሰማም። ይህ በጣት መዳሰስ ሌላም ጥቅም አለው። የአንዳንድ ሰው በተለይም ግፊቱ ከፍ ያለ ሰው ድምፅ ከጀመረ በኋላ መሃል ላይ ጠፍቶ ተመልሶ ይመጣል፤ በጣት ያልዳሰሰ ሰው የመመለሻውን ድምፅ እንደ መጀመሪያ ቆጥሮ ዝቅ ያለ ቁጥር ይጽፋል።

አልሰማሽም እንበል። አየሩን አስወጪ፣ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ጠብቂ፣ አንድ ጊዜ ድገሚ፤ ክልከላ ከሌለበት ሌላኛውን ክንድ ሞክሪ። ካልሆነ ሰው ጥሪ። በጣትሽ ያገኘሽው ቁጥር ካለ ባዶ እጅሽን አትሄጂም፤ “በመዳሰስ 90 ላይ ጠፋብኝ፣ በማዳመጥ ግን አልሰማሁም” ትያለሽ። እንዲህ ስትናገሪ የሚሰማሽ ሰው ተማሪ ሳይሆን ነርስ ነው የሚሰማው። ለሕመምተኛው ደግሞ ልክ እንዲህ በዪ፤ “ይቅርታ አባቴ፣ እርግጠኛ መሆን ስለምፈልግ ሌላ ሰው ጠርቼ እናያለን።” በዚህ የሚከፋ ሕመምተኛ ጥቂት ነው። እኔ ብሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ለመለማመድ የሚያስፈልግሽ ብዙ የተለያየ ክንድ ነው። በዚህ ሳምንት ማሰሪያና ስቴቶስኮፕ ከመለማመጃ ክፍሉ መዋስ ይቻል እንደሆነ ጠይቂ፤ የቀጭን፣ የወፍራም፣ የሽማግሌ፣ የልጅ እግር ክንድ ለኪ። ትምህርት ቤታችሁ ለሁለት ሰው የሚሆን፣ ሁለት ጥንድ የጆሮ ማዳመጫ ያለው የማስተማሪያ ስቴቶስኮፕ ካለው ከመምህርትሽ ጋር አንድ ክንድ አብራችሁ አዳምጡ። አንቺ የሰማሽውን እሷም በዚያው ቅጽበት ስትሰማው ጥርጣሬው በአንድ ቀን ግማሹ ይሄዳል። እጅሽ ቢንቀጠቀጥም ይንቀጥቀጥ። ክንድሽን አልጋው ጠርዝ ላይ አስደግፊው፤ የሚንቀጠቀጥ እጅም አየር መልቀቅ ይችላል።

“ትንፋሽ ሁልጊዜ 18 ነው” ስለሚለው ግን ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ይህን አባባል በየዘመኑ ተማሪ ለተማሪ ሲያወርሰው አየዋለሁ፤ ሲያናድደኝ ይኖራል። ካርድ ስከፍት የአሥር ሕመምተኛ ትንፋሽ ሁሉ 18 ከሆነ፣ አሥሩም ሰዎች ተማክረው ካልተነፈሱ በቀር የቆጠረ ሰው የለም ማለት ነው። የአዋቂ ሰው መደበኛ ትንፋሽ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ነው፤ ሰው ሊደክም ሲጀምር ደግሞ ከሌሎቹ ምልክቶች ቀድሞ ብዙ ጊዜ የሚለወጠው እሱ ነው። የእጅ አንጓውን ምት ቆጥረሽ ስትጨርሺ እጁን ሳትለቂ፣ ምት የምትቆጥሪ መስለሽ፣ የደረቱን መነሣትና መውረድ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ። ሰውዬው እንደምትቆጥሪ ካወቀ አተነፋፈሱን ይለውጠዋል። ለዚህ ስቴቶስኮፕም ብልሃትም አያስፈልግም፣ እጅሽም ቢንቀጠቀጥ ግድ የለም። ሰኞ ከሌሎቹ ሁሉ በፊት በዚህ ጀምሪ፤ ሳትፈሪ በእርግጠኝነት የምትጽፊው አንድ ቁጥር ይኖርሻል።

ትቼው ልውጣ ወይ ላልሽው፣ እባክሽ አሁን አትወስኚ። እንቅልፍ ካጡ አምስት ሌሊት በኋላ ሰው የሚወስነው ስለ ሙያ ሳይሆን ስለ ጭንቀቱ ነው። መጀመሪያ ተናገሪ፤ ከዚያ የሚመጣውን ተቀበዪ፤ ከዚያ ጥቂት ሳምንት ለኪ፣ እጠቢ፣ ቁጠሪ። ያኔም “አይሆነኝም” የሚል ሐሳብ ካለሽ እሰማሻለሁ፤ ከነርሲንግ ወጥቶ ደስ ብሎት የሚኖር ሰው ሞልቷል። እንቅልፉ ግን ከተናገርሽም በኋላ ካልተመለሰ፣ ወይም ሐሳቡ ምግብ እስከመንሣት ከደረሰ፣ የትምህርት ቤቱን የተማሪዎች ጤና ክፍል እዪ። ነርስ መሆን የሚፈልግ ሰው ራሱ መታከምን ቢለምድ መልካም ነው።

ያንን የገላ ማጠብ ነገር ደግሞ ለምን ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ እንደ ትርፍ ነገር ጣል እንዳደረግሽው አልገባኝም። ለእኔ ዋናው ነገር እሱ ነው። እኚያን እናት ስታጥቢ ውኃው እንዳይቀዘቅዝ በክንድሽ ፈትነሽ ይሆናል፤ የታጠበውን ክፍል በፎጣ ሸፍነሽ ያልታጠበውን ገልጠሽ፣ እጃቸውን ገንዳ ውስጥ ነክረሽ፣ በጣቶቻቸው መሃል እየገባሽ። ያን ጊዜ ዓይንሽ የት ነበር? እሳቸው ላይ ይመስለኛል። ሐሙስ ዕለት ደግሞ ዓይንሽ የት ነበር? መምህርቷ ላይ፣ አስታማሚዎቹ ላይ፣ ካርዱ ላይ፣ ራስሽ ላይ። ሰውዬው ክንዳቸውን ዘርግተው ብቻቸውን ነበሩ። ተሳስቼ ይሆናል፤ አንቺ ነሽ እዚያ የነበርሽው። ነገር ግን ሰኞ ማሰሪያውን ከማንሣትሽ በፊት ሰውየው አጠገብ ቁጭ ብለሽ፣ ስምሽን ነግረሽ፣ “እንዴት አደሩ?” ብለሽ፣ መልሱን እስከ መጨረሻው ሰምተሽ ብትጀምሪስ? አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ከመምህርትሽ ጋር ስትነጋገሩ ምን እንደተባልሽ ጻፊልኝ፤ ክፉም ሆነ ደግ።

ልዘጋው ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ስቴቶስኮፑን ጆሮሽ ውስጥ ስታደርጊ ሁለቱ ጫፎች ወደ ፊት፣ ወደ አፍንጫሽ አቅጣጫ ያጋደሉ መሆናቸውን እዪ። ወደ ኋላ ከዞሩ የጆሮ ቀዳዳሽ ግድግዳ ላይ ይደፈኑና ድምፁን ያፍኑታል። ከዚያ የማዳመጫውን ክብ ፊት በጣትሽ ቀስ ብለሽ መታ መታ አድርጊው፤ ካልተሰማሽ ራሱን አዙሪው፤ ባለ ሁለት ፊት ከሆነ በሌላው በኩል ተከፍቶ ይሆናል። ሦስት ሳምንት ሙሉ “ጆሮዬ ሳይደነቁር አይቀርም” እያለች ስትጨነቅ የከረመች ጎበዝ ተማሪ ነበረችኝ። ገልብጣ ነበር የምታደርገው።